ለትርንጎ ትከሻ የጠረብሁት ሰደፍ

የቀኝ አውራ ጣቴ መላጊያ አልይዝ ካለኝ ወዲህ የምኖረው ሐዋሳ፣ ልጄ ቤት ነው። ሰዉ ደግ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑም ቅርብ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ፍኖተ ሰላም ግን ሩቅ ነው። ጎረቤቶቼ ሥራዬ ምን እንደ ነበር ሲጠይቁኝ «እንጨት ሠሪ ነበርሁ» እላለሁ። አልጋና ቁም ሣጥን ይመስላቸዋል። እሱንም ሠርቻለሁ። ዕድሜዬን የበላው ግን የጠመንጃ ሰደፍ ነው፤ ትከሻ ላይ የሚያርፈው የእንጨቱ ክፍል። ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ። «እማማ አበዛሽ፣ እርስዎ?» ይላሉ። አዎ፣ እኔ።

ብረቱን ነክቼ አላውቅም። ብረቱ የፋብሪካ ነው። ፈቃድ ያለው ገበሬ ይዞት ይመጣል፤ ፈቃዱን አይተን የተሰነጠቀውን ወይም ነቀዝ የበላውን እንጨት እንለውጥለታለን። ከዚህ ውጭ ስለ ጠመንጃና ስለ ዘመኑ የምለው የለኝም፤ የሚሉ ሰዎች ሞልተዋል። እኔ የምጽፈው ስለ አንዲት ሴት ትከሻ ነው። የምጽፈውም ተናድጄ ነው። ሰሞኑን በስልክ የሰማሁት ነገር አላስቀምጥ ብሎኛል፤ እሱን ወደ መጨረሻው እደርስበታለሁ።

የተወለድሁት ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ባሌ በወጣትነቱ ሲሞትብኝ ልጄን አዝዬ ቡሬ ገባሁና አንድ የእንጨት ቤት ውስጥ ፍቅፋቂ ጠራጊ ሆንሁ። የቤቱም ጌታ የሙያውም ባለቤት አያ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ክፍያው ልጅ ያሳድጋል፣ ቤት አያሠራም፤ በዚህ ላይ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ጠርጌ ስጨርስ ያለቀለትን ሰደፍ በተልባ ዘይት አሽ ነበር። አንድ ቀን አያ ደምሴ አንዱን አንሥተው በመዳፋቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሱት።

«ይህን ማን አሸው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ አያ።»

«እዚህ ጋ ቋጠሮ እንዳለ በምን አወቅሽ? ዘይቱን ለብቻው መግበሽዋል።»

«እንጨቱ እዚያ ጋ ይጠማዋል።»

 በማግስቱ መጥረጊያውን ለሌላ ሰጡና ለእኔ ሞረድ አስያዙኝ። ወርክሾፑን ወደ ፍኖተ ሰላም ሲያዛውሩት ተከተልኋቸው። መሐል ላይ ወደ አዴት ሄጄ በርና መስኮት የሠራሁበት ዘመን አለ፤ ጥሩ ሰዎች ነበሩ፣ ግን በር ትከሻ የለውም። ተመለስሁ።

አያ ደምሴ እጃቸውን ሳይታጠቡ እንጨት አይነኩም ነበር። ዋንዛውን ሲመርጡ እንደ ሐኪም ጆሮ ደቅነው በጣታቸው ያንኳኳሉ፤ ድምፁ ደስ ካላላቸው ለጣውላ ይመልሱታል። ደንበኛ ሲመጣ ሌላው ነጋዴ ስለ ዋጋ ሲያወራ እሳቸው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «ትከሻው የማን ነው?» ከዚያ ሰውየውን ክንዱን ያሳጥፉትና ከክርኑ ማጠፊያ እስከ ጣቱ ይለካሉ። የእንጨቱ ርዝመት ከዚያ ይወጣል። ቀጥሎ ጥሬውን ሰደፍ ያስይዙትና «ዓይንህን ጨፍን፣ ትከሻህ ላይ አድርገው፣ አሁን ግለጥ» ይላሉ። ዓይኑን ሲገልጥ አንገቱን ሳያጣምም ቀጥታ የሚያይ ከሆነ ልክ ነው። ካልሆነ እንደገና ሞረድ። አንድ ባለጠጋ ሎሌውን «በዚህ ልክ ይሠራልኝ» ብሎ ቢልክባቸው ሎሌውን ምሳ አብልተው ባዶ እጁን መለሱት። «ያልመጣ ትከሻ አይለካም» አሉ።

ስለ ክብደት ደግሞ ያስተማሩኝ ይህ ነው። ጠመንጃ ሲተኮስ ወደ ኋላ ይመታል። ያን ምት ወይ እንጨቱ ይበላዋል ወይ ሰውየው ይበላዋል። እንጨቱን እያቀለልህ በሄድህ ቁጥር ለሰውየው የሚተርፈው ይበዛል። ስለዚህ ለደካማ ሰው ጠመንጃ ቀላል የሚሆነው እንጨት በመፋቅ ብቻ አይደለም። ከፊት ያለውን አሳስቶ፣ ኋላውን አሳጥሮና አስፍቶ፣ ክብደቱን ወደ ሁለቱ እጆች መሐል ማምጣት ነው። ያኔ ያው ክብደት ሆኖ ለሚያነሣው ሰው ይቀልለዋል።

አያ ደምሴ ሲያርፉ ቤቱን የወረሰው አማቻቸው ጌታነህ ነው። ጌታነህ መሸጥ ያውቃል። ነሐስም ይወዳል፤ የነሐስ ምስማር፣ የነሐስ ሳህን፣ የነሐስ ጉትቻ ያልተደረገበት ሰደፍ ራቁቱን የሆነ ይመስለዋል። ደንበኛ ወዝ ያለውን እንጨት እየዳበሰ «ይህስ የማን እጅ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ እኔ አጠገቡ ቆሜ «የቤቱ ነው» ይላል። ዓመታት «የቤቱ» ሆኜ ኖርሁ። እሱንም ተውሁት።

አንድ ቀን ከቡሬ በኩል ሙላት የሚባል እህል ነጋዴ መጣ። ጠመንጃ ይዟል፤ እንጨቱ ከአንገቱ ተሰንጥቋል።

«ለባለቤቴ ነው» አለ። «ተኩሳ አታውቅም። እኔ በነቀምት መንገድ እህል ይዤ ስሄድ ብቻዋን ነው የምታድረው። ባለፈው ክረምት በሬ ሊነዱ የመጡ ሌቦችን በዱላ ነው የመለሰቻቸው። እንደ ላባ ቀላል አድርጉልኝ።»

ሚስቱን ይወዳታል። ይህን ልክድ አልፈልግም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

«ይዘዋት ይምጡ» አልሁት።

«ማንን?»

«ባለቤትዎን። ልለካት።»

ጌታነህ ሳቀ። አቶ ሙላት አልሳቀም። «የፍኖተ ሰላም ሰው እያየ የሚስቴን ትከሻ አላስለካም» አለ። «በእኔ ለኪና ትንሽ ቀንሺላት።»

ይህ የእሱ ብቻ አይደለም። በአገራችን ጠመንጃ የሚለካው በአባወራው ነው። የሚተኩሰው ልጁ ይሁን ወንድሙ፣ ልኩ የአባወራው ነው፤ በሰርግና በክርስትና ሰው ፊት አንግቦት የሚቆመው እሱ ነዋ። አያ ደምሴ ይህን ልማድ ሲታገሉ ነው ያረጁት።

እኔም ዝም ብዬ በዕረፍቴ ቀን በሚኒባስ ቡሬ ወረድሁ፤ ከዚያ በባጃጅ መንገዱ እስኪያልቅ፣ ከዚያ በእግር። ባለቤቱን ትርንጎን እህል ስታበራይ አገኘኋት። አጭር፣ ቀጭን፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት። የመጣሁበትን ስነግራት እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ምን ሊሰፉልኝ ነው እቴ? ቀሚስ?»

«የእንጨት ቀሚስ።»

«ጥለቱን አደራ።»

ክንዷን አሳጥፌ ለካሁ። ጠመንጃው ወርክሾፕ ስለነበረ ዘነዘናውን አስያዝኋት። «ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ትከሻሽ ላይ አድርጊው» አልሁ። በቀኝ ትከሻዋ አስደግፋ ወደ ጉንጯ አስጠጋችው።

«አሁን ግለጪ። ወዴት ያያል?»

«ወደ አማቴ ቤት።»

«እሱንማ አዙሪው።»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ዘነዘናውን አስቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እቴ፣ የዚያን ቀን በዱላ የወጣሁት ደፍሬ እንዳይመስልዎ። የሙላት ጠመንጃ ግድግዳው ላይ ነበር። አውርጄ ላነሣው ብሞክር አፉ መሬት መሬት አለብኝ። ጥዬው ወጣሁ። እነሱ ቢያውቁ ኖሮ ይነዱኝም ነበር። አንድ የማነሣው ነገር ይኑረኝ፤ ሌላ አልፈልግም።»

ያን ቃል ይዤ ተመለስሁ። ከደረቀ የቆየ ዋንዛ መረጥሁ። አንኳኳሁት። ከፊት በኩል ያለውን እንጨት እጇ እስኪሞላው ድረስ ብቻ አስቀርቼ አሳሳሁት። ሰደፉን በክንዷ ልክ አሳጠርሁ፣ ጫፉን እንደ መዳፍ አሰፋሁ፣ ከኋላው የተጠቀጠቀ የበግ ፀጉር አድርጌ በቆዳ ለበጥሁት። ጉንጯ የሚያርፍበትን ስሞርድ የፊቷ አጥንት ይታየኝ ነበር። ሲያልቅ መልኩ ደንደን፣ አጠር ያለ ነው። ለዓይን አያምርም። እኔ ግን ስይዘው እንደዚያ የተስተካከለ ነገር ከእጄ ወጥቶ እንደማያውቅ ዐወቅሁ።

ጌታነህ ዞረው። «ይህ ምንድን ነው? የልጅ መጫወቻ?»

«የትርንጎ ነው» አልሁ።

በእመቤታችን ቀን መሮ አልነካም። ጌታነህ ይህን ያውቃል። በዕለቱ ቅዳሴ ሄጄ በማግስቱ ስገባ ጠመንጃው የለም። ፍቅፋቂው ውስጥ የለበጥሁት ቆዳ ከነፀጉሩ ተገንጥሎ ተጥሏል።

«ምን አደረግህ?» አልሁት።

«ጠመንጃ አስመሰልሁት። ሰውየው ገና ሲያየው ፊቱ ጠቆረ፤ ‹ይህን አንግቤ ሰው ፊት ልቁም?› አለኝ። ቀጠልሁለትና ነሐስ አለበስሁለት። እንዳይከብዳትም ውስጡን ፈለፈልሁት። ደስ ብሎት ሄደ።»

«የሚተኩሰው ሰውየው ነው?»

«እሜቴ አበዛሽ፣ የሚከፍለው ሰውየው ነው።»

ረዥም፣ ባዶ፣ ጫፉ ነሐስ። አያ ደምሴ ያስተማሩኝን ሁሉ ገልብጦ ሠርቶታል። ለማታውቅ ሴት ከዚህ የባሰ ነገር ሠርተህ ስጥ ቢሉኝ አስቤ አልደርስበትም። ስልክ የላትም። ቅዳሜ ገበያ ላይ የሰፈሯን ቄስ አገኘኋቸውና እጃቸውን ስሜ ለመንኋቸው። «አባቴ፣ ለትርንጎ ይንገሩልኝ። እንዳትተኩሰው። ይዛው ትመለስ፣ በነፃ አስተካክልላታለሁ።»

ቄሱ አደራ አልበሉም። በሕጋቸው አደረሱ። ለሴት የተላከ ቃል ለባሏ ነው የሚነገረው፤ ለአቶ ሙላት ነገሩት። እሱም «ሴትዮዋ ስሟን ልታስጠራ ነው» ብሎ መለሳቸው። ቃሌ ግቢው በር ላይ ቀረ። በኋላ ተጎድታ አልጋ ላይ ሆና እስክትሰማው ድረስ ትርንጎ እንደላክሁባት አታውቅም ነበር።

ከዚያ የአቶ ሙላት ወንድም ልጅ ክርስትና ሆነ። ሰው በልቶ ጠጥቶ ወንዶቹ ወደ ሰማይ ሲተኩሱ አቶ ሙላት ሚስቱን ጠራት። በታደሰው ጠመንጃ ሰው እያየ የመጀመሪያ ጥይቷን እንድትተኩስ ፈለገ፤ ኩራቱ ነው። ሰደፉ ረዥም ስለሆነ የትከሻዋ ሥጋ ላይ አልደረሰላትም። ከአንገቷ ሥር ባለው አጥንት ላይ ነው ያረፈው። ምላጩን ሳበች። ነሐሱ አጥንቷን ሰበረው።

ትርንጎ መሬት ላይ ቁጭ ስትል ሰዉ ሳቀ። አንዱ «ይህች ሙላትን ነው የምትጠብቀው?» አለ፣ ሌላው ደግሞ ሌላ አለ። መነሣት አቅቷት ፊቷ እስኪገረጣ ድረስ ሳቁ። ይህን የነገረችኝ እሷው ናት። የሳቁትን አንድ በአንድ በስማቸው ታውቃቸዋለች።

ወጌሻ አሠራት። አጥንቱ ጠማማ ሆኖ ገጠመ። ቀኝ ክንዷ ከጡቷ በላይ አልነሣ አላት።

ከዚያ ሽምግልና ተጠራ። በደለኛ ተብዬ የተጠራሁት እኔ ነኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ሽማግሌዎቹ ተደርድረዋል፣ አቶ ሙላት በአንድ ወገን፣ ጌታነህ በሌላ። ትርንጎ የለችም፤ «የታመመ ሰው አይንገላታ» ተባለ። መሐል ላይ ድንጋይ ተቀምጧል። በደለኛ የተባለ ሰው እሱን ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ተንበርክኮ ይቅርታ ይለምናል።

«ልጄ» አሉኝ ሰብሳቢው፣ «ድንጋዩን ተሸከሚና ነገሩ ይብረድ።»

«አባቴ፣ እባክዎ ጠመንጃውን ያስመጡት። ቅጥያው ለዓይን ይታያል።»

«የጠረበችው እሷ ናት» አለ ጌታነህ። ዓመታት ሙሉ «የቤቱ» የነበረው ሥራ ያን ቀን የእኔ ሆነ። «ትክዳለች?»

«አልክድም። የጠረብሁት እኔ ነኝ፣ የቀጠልኸው አንተ ነህ።»

«ጠመንጃ ወደ ሽምግልና አይመጣም» አሉ አንዱ ሽማግሌ። «ነገር አናብዛ። አንቺ ክርስቲያን አይደለሽም? ለሰላም ብለሽ ብትንበረከኪ ምን ይጎድልሻል?»

«ክርስቲያን ስለሆንሁ ነው እምቢ ያልሁት፣ አባቴ። የሠራሁትን ኃጢአት ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ። ያልሠራሁትን ተሸክሜ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ብንበረከክ መዋሸቴ ነው።»

 ከዚያ ጌታነህ ተነሣና ድንጋዩን ሳይነካ «ስለ ቤቱ እኔ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለ። አቶ ሙላትም ተነሣ። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ሁለቱ ደህና ትከሻዎች ሲጋጩ እያየሁ የሌለችው ሴት ትከሻ ትዝ አለኝና ሳልሰናበት ወጣሁ። በዚያው ከወርክሾፑም ወጣሁ። ድንጋይ ያልተሸከመ አንገቴን ወደ ኋላ አላዞርሁትም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቅዳሴ ላይ አጠገቤ ለመቆም የሚሸሹ ሴቶች ነበሩ። አየኋቸው። ቆምሁ።

ቤቴ ውስጥ በርጩማና ሙቀጫ እየሠራሁ ከርሜ፣ ዝናቡ ሲያባራ አንድ ባጃጅ ደጄ ቆመ። ትርንጎ ወረደች። በግራ እጇ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋለች።

«ሙላት ነቀምት ነው» አለች ገና ሳትቀመጥ። «ፈቃዱ ይኸው፣ በስሙ። ጠመንጃው ይኸው። ቀኜ አይነሣም። በግራ ይሆናል?»

ቅጥያውን ያየሁት ያኔ ነው። መሮው የገባበት ሁሉ ሸካራ ነው፣ ውስጡ እንደ ቅል ባዶ። ሙሉውን አውጥቼ ጣልሁት። «በግራ ይሆናል» አልሁ። «ሁሉንም አዞራለሁ። ጉንጭሽ የሚያርፍበትን፣ የመዳፍሽን ጎን፣ ሁሉን። ግን ያመመሽ ክንድ ከፊት መደገፍ አለበት። ምን ያህል ትችያለሽ?»

«ሕፃን መደገፍ እችላለሁ።»

«በሕፃን ልክ እሠራዋለሁ።»

እኔ ዘንድ ሰነበተች። ከፊት ያለውን እንጨት እያነሣች እያስቀመጠች «ይከብዳል» ስትል እሞርዳለሁ፣ «ይበቃል» ስትል አቆማለሁ። ኋላው ላይ ክብደት አስቀረሁ፣ ምቱን የሚበላው እሱ ነውና። የበግ ፀጉሩን ከፊተኛው አወፈርሁት። በግራ የሚተኩስ ሰው ሰደፍ ሠርቼ አላውቅም ነበር፤ እጄ ሁሉ ወደ ለመደው ሊሄድ ሲል እየመለስሁት ነው የሠራሁት። አውራ ጣቴ መታመም የጀመረው ያን ጊዜ ነው፣ አልቆጭም።

ሲያልቅ «ዓይንሽን ጨፍኚ» አልኋት። ጨፈነች። አነሣችው። የታመመው ክንዷ ከፊት ደገፈው፣ የግራ ትከሻዋ ተቀበለው።

«ግለጪ። ወዴት ያያል?»

 አንገቷ አልተጣመመም። «ወደ በሩ» አለች። «ወደ በሩ ነው የሚያየው፣ እቴ።» ከዚያ አውርዳው ማልቀስ ጀመረች፣ እያለቀሰችም «ጥለቱን ግን ረስተዋል» አለችኝ።

አቶ ሙላት ሲመለስ ጠመንጃውን አንሥቶ ትከሻው ላይ ሊያደርገው ሞከረ። አጭር ነው፣ ጎኑም የተገላቢጦሽ ነው፤ ጉንጩን እንጨቱ ገፋው። ለእሷ እንጂ ለማንም አይሆንም። ለሰርግም ለክርስትናም ይዞት አልወጣም። ግድግዳው ላይ፣ እጇ በሚደርስበት ቁመት ተሰቅሎ ይኖራል። ከሠራሁት ሁሉ ልቤ የሚያርፍበት ሥራዬ እሱ ነው።

ሰሞኑን ትርንጎ ደወለችልኝ። አሁን ስልክ አላት። ደህንነቴን ጠየቀች፣ ስለ ጣቴ ጠየቀች፣ ስለ ዝናቡ አወራን። ከዚያ እየሳቀች «ሙላት ለእንግዳ ምን እንደሚል ያውቃሉ?» አለችኝ።

«ምን ይላል?»

«ሰው ጠመንጃውን አይቶ ‹ለምን እንዲህ ተሠራ?› ሲለው ‹ባለቤቴ ከተወለደች ጀምሮ ግራኝ ናት› ይላል። ልጆቹም እንደዚያው ነው የሚያውቁት። አሁንማ እናቴ ራሷ ‹እውነት ግራኝ ነበርሽ እንዴ?› አለችኝ።»

«አንቺስ ምን አልሻት?»

«ምን እላለሁ፣ እቴ። ዝም አልሁ። ሰላም ነው፣ እናድራለን።»

እሷ ሳቀች፣ እኔ ግን አልሳቅሁም። ስልኩን ከዘጋሁ ጀምሮ ጸሎት ላይ ስቆም የይቅርታው ቦታ ላይ ስደርስ ወደ መጀመሪያው እመለሳለሁ። የንስሐ አባቴ «ይቅር በይ» ይሉኛል። እላለሁ፤ ይቅር የሚባለው ግን የተደረገ ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች ምንም እንዳልተደረገ አድርገውታል። ድንጋዩን እኔ እምቢ ብል በእሷ አካል ላይ ጫኑት፣ እግዜር እንደዚያ የፈጠራት አስመሰሉት።

ስለዚህ ይህን ጻፍሁ። አያ ደምሴ ያልመጣ ትከሻ አይለካም ይሉ ነበር። እኔ ሄጄ ለክቻለሁ። የሙላት ልጆች ሆይ፣ አድጋችሁ አንድ ቀን ይህን ብታነቡ፣ እናታችሁ ግራኝ አልነበረችም። ዘነዘናውን ያነሣችው በቀኝ ትከሻዋ ነው።